ከድሬዳዋ አናት በላይ ያለው ክብደት

ሚያዝያ ላይ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ድሬዳዋ ላይ ሆናችሁ ቀና በሉ። ከአናታችሁ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ 3ሲ 273 የሚባል ኳሳር፣ ማለትም የአንድ ሩቅ ጋላክሲ እጅግ ደማቅ እምብርት፣ አለ። በባዶ ዓይን አይታይም። መካከለኛ የአማተር ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ግን ያገኘዋል። ሲያገኘውም የሚያየው አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ብቻ ነው፤ አጠገቧ ካሉት ኮከቦች የሚለያት ነገር የለም። የዚያች ነጥብ ብርሃን እኛ ጋ ለመድረስ ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዟል። መሐሏ ላይ ደግሞ የፀሐይን 300 ሚሊዮን እጥፍ ያህል የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ አለ።

ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ የሚሸጥ ወዳጄ እንደ ድሬ ልጅ ሳያካብድ ጠየቀኝ። «አቦ አንተ፣ ማን ሄዶ መዘነው?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ዜናው ቁጥሩን ይነግረናል፤ ቁጥሩ በየት በኩል እንደመጣ ግን አይነግረንም። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ላፕቶፕ ከፍተን የኳሳሮችን ብርሃን እንለካለን። ስለዚህ የዚህን ሰው ጥያቄ በአግባቡ መመለስ ዕዳዬ ይመስለኛል።

ሄዶ የመዘነ የለም። ፀሐይንም ሄዶ የመዘናት የለም። አንድ ነገር ሌላውን ሲዞር፣ ፍጥነቱና ርቀቱ ከታወቀ የመሐለኛው ክብደት ይታወቃል። ፍጥነቱን በራሱ ታባዛላችሁ፣ በርቀቱ ታባዛላችሁ፣ ከዚያ ለስበት ቋሚ ቁጥር ታካፍላላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የምናስተምረው ሒሳብ ነው። የምድር ፍጥነትና ከፀሐይ ያላት ርቀት ስለሚታወቅ ፀሐይ ተመዘነች። በእኛው ጋላክሲ፣ በፍኖተ ሐሊብ መሐል ያለው ጥቁር ጉድጓድም የተመዘነው በዚሁ መንገድ ነው። ኤስ 2 የምትባል ኮከብ በ16 ዓመት አንዴ ትዞረዋለች። ራይንሃርድ ጌንዘልና አንድሪያ ጌዝ፣ እያንዳንዳቸው ከየቡድናቸው ጋር፣ እሷንና ጎረቤቶቿን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ክብደቱን አወጡ። ዛሬ የምንጠቀምበት ቁጥር የፀሐይ 4.3 ሚሊዮን እጥፍ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኖቤል ሽልማቱን ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር ተካፈሉ።

ያ ግን ቅርብ ነው። ሩቅ ጋላክሲ ውስጥ አንዲትን ኮከብ ነጥሎ ማየት አይቻልም። ያለን አንዲት ነጥብ ነች። እና ከአንዲት ነጥብ ፍጥነትም ርቀትም ማውጣት አለብን። ሥራው በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ፍጥነቱን እንያዝ። የነጥቧን ብርሃን ወደ ቀለሞቹ መበተን ያስፈልጋል። ስፔክትሮስኮፒ የሚባለው ይህ ነው። የተበተነው ብርሃን በግራፍ ሲሳል ስፔክትረም ይባላል፤ እያንዳንዱ ቀለም ምን ያህል ብርሃን እንደያዘ ያሳያል። ማርተን ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1963 የ3ሲ 273ን ስፔክትረም ከፓሎማሩ ትልቅ ቴሌስኮፕ አግኝቶ ሲመለከት፣ መስመሮቹ፣ ማለትም እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ ቁርጥ ቀለም የሚያበራባቸው ቦታዎች፣ ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም አሉት። ኋላ ላይ ነገሩ ገባው። መስመሮቹ የሃይድሮጅን ናቸው፤ ግን ሁሉም ወደ ቀይ በ16 በመቶ ገደማ ተንሸራተዋል። ዓለሙ ስለሚሰፋ፣ ብርሃን ከሩቅ በመጣ ቁጥር ወደ ቀይ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ያ መንሸራተት ነጥቧ የእኛ ሰፈር ኮከብ እንዳልሆነች ነገረው። ያን ያህል ርቃ ይህን ያህል ከደመቀች፣ ከአንድ ሙሉ ጋላክሲ የሚበልጥ ብርሃን ትረጫለች ማለት ነው። ይህን ብርሃን ሊሰጥ የሚችለው ወደ ጥቁር ጉድጓድ የሚወርድ ጋዝ መሆኑን ለማመን ሳይንሱ ከዚያ በኋላ ዓመታት ፈጅቶበታል።

እኛ ግን እዚህ የምንፈልገው የመስመሮቹን ውፍረት ነው። እስቲ አንዱን ስፔክትረም ጠጋ ብለን እንየው።

ስሎን ዲጂታል ስካይ ሰርቬይ የሚባለው ፕሮጀክት በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ባለ 2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ስፔክትረሞች ለዓለም ሁሉ በነፃ ለቅቋል። የአንዱ ፋይል መጠን ከስልክ ፎቶ ያንሳል። የድሬ ኢንተርኔት በሚንቀራፈፍበት ምሽት እንኳን በስልክ ዳታ ይወርዳል። ፋይሉን ስትከፍቱት ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ የሚወርድ ወላዋይ መስመር ታያላችሁ። ያ የመደቡ ብርሃን ነው፤ ወደ ጉድጓዱ እየተሽከረከረ ከሚወርደው የጋለ ጋዝ የሚመጣ። መደቡ ላይ እብጠቶች አሉ። የዓለሙን መስፋት አርመን ወደ ራሱ ቀለም ስንመልሰው፣ 486 ናኖሜትር ላይ (ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቁጥር አለው) ሰፋ ያለ ጉብታ ቁጭ ይላል። የሃይድሮጅን ቤታ መስመር ነው። ከጎኑ፣ 496 እና 501 ናኖሜትር ላይ፣ ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች ቆመዋል። የኦክስጅን ናቸው።

ተማሪዎቼ መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው መርፌዎቹ ላይ ነው፤ ስለሚጎሉ። እኔ ጣቴን ጉብታው ላይ አደርጋለሁ። ለምን ይህኛው ሰፋ፣ እነዚያ ቀጠኑ? ሃይድሮጅን የሚያበራው በአንድ ቁርጥ ባለ ቀለም ነው። ጋዙ ወደ እኛ ሲመጣ ግን ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይሳባል፤ ከእኛ ሲሸሽ ወደ ቀይ። ጉድጓዱን በሚዞር ጋዝ ውስጥ ግማሹ ይመጣል፣ ግማሹ ይሸሻል። እኛ ሁሉንም በአንድ ነጥብ ደርበን ስለምናይ መስመሩ በሁለቱም በኩል ይለጠጣል። የመስመሩ ስፋት የጋዙ ፍጥነት ነው። 486 ላይ ያለው ጉብታ 8 ናኖሜትር ያህል ከሰፋ፣ ጋዙ በሰከንድ ወደ 5,000 ኪሎሜትር ይከንፋል። መርፌዎቹ ቀጭን የሆኑት ኦክስጅኑ ከመሐሉ በጣም ርቆ፣ ተረጋግቶ ስለሚዞር ነው። በአንድ ስፔክትረም ላይ ቅርቡም ሩቁም ጎን ለጎን ይታያሉ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የሚበልጥ ውብ ነገር አላውቅም።

ካርል ሲፈርት እ.ኤ.አ. በ1943 የጥቂት ጋላክሲዎችን እምብርት ሲያጠና እነዚህን ሰፋፊ መስመሮች በሚገባ ጽፎ አስቀምጧል። ያኔ ጥቁር ጉድጓድ የሚል ስም እንኳን አልነበረም።

መለኪያው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ሲነኩት ግን ያታግላል። የሃይድሮጅኑ ጉብታ ብቻውን አይደለም። ግራና ቀኙ ላይ ብረት የሚያወጣቸው ብዙ ትናንሽ መስመሮች ተደራርበው ዝቅተኛ ኮረብታ ይሠራሉ። መጀመሪያ የመደቡን ብርሃን መቀነስ አለባችሁ፣ ከዚያ ብረቱን፣ ከዚያ መርፌዎቹን፣ ከዚያ ሃይድሮጅኑ ራሱ ላይ የተቀመጠችውን ቀጭን ጫፍ። መደቡን ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሰመረ ተማሪ ጉብታውን ያጠብበዋል። ዝቅ ያደረገ ያሰፋዋል። ፍጥነቱ ደግሞ በራሱ ስለሚባዛ፣ በስፋቱ ላይ የገባች ትንሽ ስህተት ክብደቱ ላይ እጥፍ ሆና ትወጣለች። ስለዚህ አንድን ስፔክትረም ሁለት ልጆች ለየብቻ ሳይለኩት አላልፍም። ሲለያዩ ይከራከራሉ። ክርክሩ የትምህርቱ ዋና ክፍል ነው።

ፍጥነቱ ተገኘ እንበል። ርቀቱስ? ጋዙ ከጉድጓዱ ምን ያህል ርቆ ነው የሚዞረው? ይህ ሰፈር በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ ለረጅም ዘመን አንድም ቴሌስኮፕ ለይቶ ሊያየው አልቻለም።

መልሱን ለድሬ ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ የለብኝም። ዝናቡ ደንገጎ በኩል፣ ተራራው ላይ ይወርዳል። ከተማው ውስጥ ጠብታ የለም። የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነው። ቆይቶ ጎርፉ ይመጣል። የጎርፉን ፍጥነት የሚያውቅ ሰው፣ በዝናቡና በጎርፉ መካከል ያለፈውን ጊዜ ቢለካ ውሃው ከምን ያህል ርቀት እንደመጣ ያሰላል። በ1998 ዓ.ም ክረምት በአንድ ሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ያጣች ከተማ፣ ያ በመሐል ያለው ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲነግራት አትፈልግም።

ኳሳሩ ውስጥም እንዲሁ ነው። ከጉድጓዱ ጥግ ያለው የጋለ ጋዝ ድምቀቱ አይረጋም፤ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ያ ብርሃን ወጥቶ በርቀት የሚዞሩትን የጋዝ ደመናዎች ሲመታ እነሱም ይደምቃሉ። መደቡ ዛሬ ከደመቀ፣ የሃይድሮጅኑ መስመር የሚደምቀው ዘግይቶ ነው። የብርሃን ፍጥነት ይታወቃል። የዘገየው ጊዜ ርቀቱን ሰጠን። ዓይን ሊያየው ያልቻለውን ሰዓት ለካው። ሮጀር ብላንድፎርድና ክሪስቶፈር ማኪ እ.ኤ.አ. በ1982 ሐሳቡን በሒሳብ አደራጅተው አወጡት።

ሐሳቡን ወደ ሥራ የቀየሩት ብዙ ሌሊቶች የተጉ ሰዎች ናቸው። ኤንጂሲ 5548 የሚባል ጋላክሲ አለ፤ ከእኛ ከ200 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል። እ.ኤ.አ. ከ1988 መጨረሻ ጀምሮ በተለያዩ አገሮች ያሉ ታዛቢዎች ተቀባብለው ተከታተሉት። የሃይድሮጅን ቤታ መስመሩ ከመደቡ ወደ 20 ቀን ያህል ዘግይቶ ይከተል ነበር። እስቲ እናስላው። ርቀቱ ብርሃን በ20 ቀን የሚጓዘው ነው። ፍጥነቱን ለምሳሌ በሰከንድ 4,000 ኪሎሜትር እንውሰድ። አባዝታችሁ ስታካፍሉ የፀሐይ 60 ሚሊዮን እጥፍ ያህል ይወጣል። በስልክ ካልኩሌተር የሚሠራ ነው። ተማሪዎቼ ይህችን ስሌት ሲጨርሱ ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ነው በዚህ ሥራ ያቆየኝ።

ይኸው ጋላክሲ ግን ቀላል አይደለም። ሲደምቅ መዘግየቱ ይረዝማል፣ ሲደበዝዝ ያጥራል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ብርሃኑ ሲበረታ ደመናዎቹን የሚያበራበት ቦታ ወደ ውጭ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን የሀብል ቴሌስኮፕ በየቀኑ በሚባል ደረጃ ለግማሽ ዓመት ሲከታተለው ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ለተወሰነ ጊዜ መስመሮቹ መደቡን መከተል ተዉ። መደቡ ይለዋወጣል፣ እነሱ በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ከዚያ እንደገና መከተል ጀመሩ። ከጉድጓዱ አጠገብ የተነሳ ጋዝ ብርሃኑን ጋርዶባቸው ይሆናል የሚለው ማብራሪያ ለእኔ ሚዛን ይደፋል። ዘዴው ይሠራል፤ የምንለካው ነገር ግን ሕይወት ያለው ያህል ይንቀሳቀሳል።

አሁን ወደ ደካማው ቦታ እንምጣ። ደመናዎቹ እንዴት እንደሚዞሩ አናይም። እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ሆነው ይዞራሉ? ሳህኑ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ከሆነ፣ የእውነተኛው ፍጥነት ትንሹ ክፍል ብቻ ነው ወደ እኛ የሚመጣውና የሚሸሸው። መስመሩ ይጠባል፤ ጉድጓዱ ቀሎ ይታያል። በጎኑ ከሆነ ተቃራኒው። ለዚህ ሁሉ አለማወቅ አንድ ማባዣ ቁጥር ይገባል። ማባዣው ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት ቡድኖች በቅርብ ጋላክሲዎች ላይ አንድ ዝምድና አሳዩ፤ የጋላክሲው ኮከቦች በፍጥነት በተራወጡ ቁጥር መሐሉ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ይከብዳል። ከዚያ በመዘግየት የተለኩት ጋላክሲዎችም በአማካይ ከዚሁ ዝምድና ጋር እንዲገጥሙ ማባዣው ተመረጠ። በአማካይ ትክክል ነው። ለአንዷ ነጥብ ግን ዋስትና የለውም። የዚህ ሙያ ትልቁ ዕዳ ይህ ማባዣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከየትኛውም አዲስ ሪከርድ በፊት እሱ ላይ መሥራት ይገባል።

ኳሳር ሁሉ ደግሞ ለወራትና ለዓመታት አይጠበቅም። በጣም ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ነው አቋራጩ የተገኘው። በመዘግየት የተለኩት ሲደረደሩ አንድ ሥርዓት ታየ፤ የደመናዎቹ ርቀት ከድምቀቱ ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ያድጋል። 100 እጥፍ የሚደምቅ ኳሳር ደመናዎቹ 10 እጥፍ ይርቃሉ። መጀመሪያ ሲለካ ዝምድናው ከዚህ የገዘፈ መስሎ ነበር። ሚስቲ ቤንዝና ባልደረቦቿ በሀብል ምስሎች የጋላክሲውን ኮከቦች ብርሃን ከኳሳሩ ብርሃን ለይተው ሲቀንሱት፣ ሥርዓቱ ፊዚክሱ ወደሚጠብቀው ቦታ ተመለሰ። ለዓመታት የኮከቦቹ ብርሃን በኳሳሩ ሒሳብ ላይ ተደምሮ ነበር።

እንግዲህ ድምቀቱን ካወቃችሁ ርቀቱን ትገምታላችሁ። መስመሩን ከለካችሁ ፍጥነቱን ታገኛላችሁ። ሁለቱም ከአንድ ሌሊት ስፔክትረም ይወጣሉ። ዛሬ ከ700,000 በላይ ኳሳሮችን የያዘ፣ የክብደት ግምታቸውን ጭምር የሚሰጥ ካታሎግ ማንም ማውረድ ይችላል። እኛ ማታ የምንሠራውም ይህንኑ ነው።

በጣም ሩቅ ለሆኑት ሌላ ችግር አለ። የዓለሙ መስፋት ሃይድሮጅን ቤታን ከሚታየው ብርሃን አውጥቶ ወደ ታህታይ ቀይ ይገፋዋል። በእሱ ፋንታ ቀድሞ ልዕለ ሐምራዊ የነበሩ መስመሮች ወደሚታየው ብርሃን ይገባሉ፤ ከማግኒዥየም 280 ናኖሜትር ላይ ያለው፣ ከካርቦን ደግሞ 155 ላይ ያለው። ማግኒዥየሙ ጨዋ ነው፤ ከሃይድሮጅኑ ጋር ብዙ አይጣላም። ካርቦኑን ግን አላምነውም። ብዙ ጊዜ ጉብታው ወደ ሰማያዊ ተንጋዶ ይገኛል። ይህም ጋዙ ጉድጓዱን ከመዞር ይልቅ በንፋስ ተገፍቶ ወደ ውጭ እየወጣ መሆኑን ያሳያል። የሚዞር ጋዝ ጉድጓዱን ይመዝናል። የሚያመልጥ ጋዝ አይመዝንም። አንዲት ተማሪዬ አንድን ኳሳር በካርቦንም በማግኒዥየምም ለክታ ውጤቶቹ አልገናኝ ሲሏት፣ «የትኛው ነው ልክ?» ብላ ሳትይዘኝ አልቀረችም። መስመሩን አትሚና ቅርፁን እይ አልኳት። ያን ቀን ቅርፁ ለብዙ ሰዓት አነጋገረን።

ወደ 3ሲ 273 ልመለስ፤ ምክንያቱም የዚህን ሥራ ልክ የሚያሳየው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ዝርዝር ውስጥ ክብደቱ የፀሐይ 900 ሚሊዮን እጥፍ ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ቺሊ ፓራናል ተራራ ላይ ያሉትን አራት ባለ 8 ሜትር ቴሌስኮፖች እንደ አንድ አጣምሮ የሚያሠራው ግራቪቲ የተባለ መሣሪያ፣ ዓይን አያየውም የተባለውን ሰፈር ለካው። የሃይድሮጅኑ መስመር ቀይ ክፍልና ሰማያዊ ክፍል ከተለያየ አቅጣጫ እንደሚመጡ ለየ። ጋዙ በእርግጥ እየዞረ ነው። የደመናዎቹ ርቀት ብርሃን በ145 ቀን የሚጓዘው ያህል ሆነ። ክብደቱም 300 ሚሊዮን ገደማ። በኋላ ብዙ ዓመታትን ባካተተ ክትትል የተለካው መዘግየትም ከዚህ ርቀት ጋር ገጠመ።

ከ900 ወደ 300። ጉድጓዱ አልተለወጠም። የተለወጠው የኛ ግምት ነው፣ በሦስት እጥፍ። በአንድ ሌሊት ስፔክትረም የሚገኝ ክብደት ላይ የሦስት እጥፍ ልዩነት የተለመደ ነው። ይህን ሳይናገሩ «300 ሚሊዮን» ብቻ ብሎ መጻፍ አንባቢን መበደል ነው። ከቅርቦቹም ብንወስድ፣ ኤም 87 የተባለውን ጋላክሲ ጥቁር ጉድጓድ በኮከቦች የለኩት 6.6 ቢሊዮን ሲሉ በጋዝ የለኩት 3.5 ቢሊዮን ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ምስል ሲወጣ 6.5 ቢሊዮን ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ በሦስት እጥፍ የሚሳሳት ሚዛን ምን ይጠቅማል? የሻይ ወዳጄም ይህንኑ ጠይቆኛል። ይጠቅማል፤ እንዴት እንደሚጠቅም ላሳይ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ጄ0100+2802 የሚባል ኳሳር በማግኒዥየሙ መስመር ሲለካ የፀሐይ 12 ቢሊዮን እጥፍ እንደሚመዝን አሳየ። ብርሃኑ የተነሳው ዓለሙ ገና 900 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ጥቁር ጉድጓድ ደግሞ እንዳሻው አይበላም። ብዙ ጋዝ ሲወርድበት የሚወጣው ብርሃን ቀጣዩን ጋዝ ወደ ኋላ ይገፋል። በዚህ ልክ ሳያቋርጥ ቢበላ፣ ክብደቱ እጥፍ የሚሆነው በየ35 ሚሊዮን ዓመቱ ገደማ ነው። ከሞተ ኮከብ የተረፈ፣ የፀሐይ 10 እጥፍ የሆነ ጉድጓድ ተነስቶ 10 ቢሊዮን እስኪደርስ 30 ጊዜ እጥፍ መሆን አለበት። አባዙት፤ ከ1 ቢሊዮን ዓመት ያልፋል። ጊዜው አልበቃም።

አሁን ስህተቱን እናስገባ። ክብደቱ በሦስት እጥፍ ተጋኖ ነበር እንበል። ሦስት እጥፍ ማለት አንድ ተኩል ያህል ማጠፍ ነው። የሚያተርፍልን ከ60 ሚሊዮን ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው። እንቆቅልሹ አልተነካም። ይህን ያህል የሚወላውል ሚዛን ይህን ያህል ጽኑ ጥያቄ ማንሳት መቻሉን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ይኸው ኳሳር በሃይድሮጅን ቤታ፣ በምናምነው መስመር፣ ተለክቶ ወደ 10 ቢሊዮን ሆነ። ስለዚህ ወይ ጅማሬው ከ10 ፀሐይ እጅግ የከበደ ነበር፣ ወይ ጉድጓዱ ከልኩ በላይ መብላት የሚችልበት መንገድ አለ።

በሌላ በኩል ትኩረት የሚሻው ነገር፣ ልዩነቱ ሁሌ በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ነው። ግራቪቲ ከተሻሻለ በኋላ ብርሃኑ ከ11 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተነሳ አንድ ኳሳር ለካ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ወጣ። ክብደቱ 320 ሚሊዮን ፀሐይ ገደማ ሲሆን ደመናዎቹ አቋራጩ ከሚተነብየው ቀርበው ተገኙ። በጣም የሚበሉ ጉድጓዶች ደመናዎቻቸው ከሥርዓቱ በታች ቀርበው እንደሚገኙ ከዚያ በፊትም ታይቷል። ይህ እውነት ከሆነ፣ ገና በጠዋቱ በፍጥነት ያድጉ የነበሩት በሙሉ ከእውነታው በላይ ተመዝነው ሊሆን ይችላል። እኔን ሌሊት የሚያስቀምጠኝ ይኸኛው ጥያቄ ነው።

ይህን ጉዳይ ከእኛ አገር ሆኜ ሳየው አንድ ነገር ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሌላ ጥናት በደርዘን የሚቆጠሩ ኳሳሮች መዘግየት ከ7 ዓመት በላይ ሲለካ፣ ከዋናዎቹ ቴሌስኮፖች አንዱ በእስራኤል ዋይዝ ኦብዘርቫቶሪ ያለ ባለ 1 ሜትር ነበር። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። የዚህ ሥራ ዋናው መሣሪያ ትዕግሥት ነው፤ መስታወቱ ሁለተኛ ነው። ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ እናያለን። ቺሊ ላይ ቀን ሲሆን እኛ ጋ የሚመሽበት ሰዓት አለ።

ክረምቱስ? የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ሰማዩን ይዘጋዋል፤ በክትትል መሐል የሚገባ ክፍተት ደግሞ መዘግየትን ያምታታል። ለብዙ ኳሳሮች እውነተኛ ችግር ነው። ለ3ሲ 273 ግን ያን ያህል አይደለም። መስከረም ላይ ፀሐይ እሱ ያለበት የሰማይ ክፍል ውስጥ ትገባለች፤ ያኔ ከየትም አገር አይታይም። ዝናባችን የሚወስድብን ሌሎቹም ከሚያጡት ብዙ አይበልጥም፤ የሰኔና የሐምሌ ምሽቶች ናቸው። ኅዳር ላይ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ ብቅ ይላል። በበጋው ሰማይ እስከ ግንቦት ድረስ አብሮን ይከርማል።

አንድ በጋ ግን አይበቃም። እዚያ 145 ቀን የሆነው መዘግየት፣ የዓለሙ መስፋት ሰዓቱን ስለሚለጥጠው፣ እኛ ጋ ሲደርስ 168 ቀን ይሆናል። ኅዳር ላይ መደቡ ሲደምቅ ያየ ሰው፣ ሃይድሮጅኑ ሲመልስ የሚያየው ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ነው። አንድ ጥሩ መለኪያ ለማግኘት እንዲህ ያለ መድመቅና መደብዘዝ ደጋግሞ መያዝ አለበት። ስለዚህ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ጀምሮ ለሚቀጥለው፣ እሱም ለሚከተለው የሚያስተላልፈው የዓመታት ሥራ ነው። በሳምንት አንድ ጥሩ ስፔክትረም ለመጀመር ይበቃል።